የማለማመጃዋ መኪና ሰባኪ

«ክላክስ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት የጭነት መኪና ሾፌር በነበረበት ዘመን አብረውት ይሠሩ የነበሩ ጓደኞቹ ናቸው። ሌላው ሾፌር ሞተር አስነስቶ፣ መስታወት አይቶ ነው ጉዞ የሚጀምረው፤ እሱ ግን መጀመሪያ ክላክሱን ይጫናል፣ ቀጥሎ ሞተሩን ያስነሳል፣ መስታወቱን ደግሞ ጊዜ ከተረፈው ያያል። ክላክሱ ያልጨረሰውን አፉ ይጨርሰዋል። አንድ እግረኛ ሲሻገር ትንሽ ከተጎተተ ከጫማው ይጀምርና በጉልበቱ አልፎ እስከ ቅድመ አያቱ ይወጣለታል። የሚገርመው ስድቡ አይደጋገምም። ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ቁመቱ ነው የሚመጣለት።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። «እኔ ልብስ በልክ እሰፋለሁ፣ እሱ ስድብ በልክ ይሰፋል» ትላቸው ነበር ለደንበኞቿ። ጸሎተኛ ሴት ስለሆነች በየማለዳው ከስፌት መኪናዋ ፊት ተንበርክካ ስለ እሱ ትለምናለች፤ ልመናዋም አጭር ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ወይ አፉን ያዝልኝ፣ ወይ ጆሮዬን ድፈንልኝ።»

ጌታ ከአፉ ይልቅ በፍሬኑ በኩል መጣ። አንድ ቀን ሲሚንቶ ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ አለው። ክላክሱን ተጫነው፤ ጮኸ፤ ጭነት መኪና ግን ክላክስ ሰምቶ የሚቆም ፍጥረት አይደለም። ለመሳደብ አፉን ቢከፍት የሚሰደብ ሰው አጣ፤ በመንገዱ ላይ ከሱ በቀር ማንም አልነበረም። ያኔ ካንደበቱ የወጣው ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ስትለው የሚሰማው «ጌታ ሆይ» ብቻ ሆነ። መኪናዋ ለግንባታ ተብሎ ከመንገዱ ዳር በተቆለለ አሸዋ ውስጥ እስከ መብራቷ ገብታ ቆመች። እሱም ወርዶ አሸዋው ላይ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። በሚቀጥለው እሑድ ቤተክርስቲያን ውስጥ ከጎኗ ተቀምጦ ስታየው ሚስቱ የያዘችው መዝሙር ከነዜማው ጠፋባት።

ከዚያ በኋላ ጭነቱን ትቶ መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች መንዳት ማስተማር ጀመረ። ማሠልጠኛው የሰጠው መኪና አሮጌ ነጭ መኪና ነበረች፤ በሱ በኩልም ፍሬንና ፍሪሲዮን የተገጠመላት። ጸባዩ በእውነት ተለወጠ። መጠጥ ተወ፣ ሚስቱን በሥራ ማገዝ ጀመረ፣ የጎረቤቱን አጥር እንኳ ሳይጠየቅ አደሰ። አንዳንዴ ግን አንድ ባለሞተር በግራ በኩል ሽው ሲል ያ የድሮው ነገር ከጉሮሮው ይመጣበታል።

«ልብህ ድኗል» ትለዋለች ሚስቱ፤ «አፍህ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።»

ይኸው ሰው አንድ እሑድ መጋቢው ሲሰብኩ ሰማ። ስብከቱ ያመነ ሰው እምነቱን ላላመነ እንዲነግር፣ የሚናገረውንም እንዲኖርበት የሚል ነበር። የኋለኛው ግማሽ በጆሮው ሽው ብሎ አለፈ፤ የፊተኛው ግን እንደ እሳት ያዘው። ለማን እንደሚናገር ማሰብም አላስፈለገውም። በየቀኑ በር ተዘግቶባቸው፣ ቀበቶ ታስረው፣ ከጎኑ የሚቀመጡ ሰዎች አሉት።

ሰኞ ጠዋት ከመኪናዋ ኋላ «ለማጅ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ሌላ ወረቀት ለጠፈ፤ በትልቁ «መሪዬ ጌታ ነው» ይላል። ለማጅ የሚለው ቃል ያላስደነገጠው ሾፌር ሁሉ የታችኛውን ሲያነብ፣ መሪውን የያዘ ሰው የለም ማለት ነው ብሎ በሩቁ ይሸሽ ጀመር። ክላክስ ይህን እንደ መልካም ፍሬ ቆጠረው።

ፍሬው ብዙ አልቆየም። አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ ላቡ እንደ ዝናብ የሚወርድ ፈሪ ለማጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትልቁ አደባባይ ሊገባ መሪውን አንቆ ይዟል። ግራና ቀኙ አውቶቡስ ነው። ክላክስ ጊዜው ደረሰ ብሎ ወደ ጆሮው ጠጋ አለና በለሰለሰ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ አሁን ብትሞት ወዴት እንደምትሄድ ታውቃለህ?» አለው።

ሰውየው አስተማሪው ያየው አንድ ነገር እንዳለ ነው የገባው። ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጠ፣ ቀበቶውን ፈታ፣ በሩን ከፍቶ ወጣና አደባባዩ መሀል ባለው ሣር ላይ ሄዶ ቆመ። መኪኖቹ እየዞሩት ቢጮሁም ለመመለስ አሻፈረኝ አለ። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ በእጁ ይዞ እስኪያሻግረው ድረስ እዚያው ቆይቶ፣ በሚቀጥለው ቀን ትምህርቱን አቋርጦ ብስክሌት ገዛ።

የማሠልጠኛው አለቃ ክላክስን አስጠራው። «ካሁን በኋላ በዚያች መኪና ውስጥ የምታወራው ስለ መንገድ ብቻ ነው» አለው።

«እኔም እኮ የማወራው ስለ መንገድ ነው።»

«ስለ አስፋልቱ መንገድ» አለ አለቃው፤ «አስፋልት ካልሆነ ዝም።»

ዝም ማለት ለክላክስ አዲስ ሙያ ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ፣ ቀን ጥሎት፣ መምህርቷ መጡበት።

መምህርቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኬሚስትሪ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ በመነጽራቸው በላይ አሻግረው ሰው ሲያዩ ሰው የቤት ሥራውን ያልሠራ የሚመስለው ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን መኪናዋን ዞረው አዩ፤ ከኋላ ቆመው ጽሑፉን አነበቡ፤ ገብተው ተቀመጡና ቀበቷቸውን አሠሩ።

«ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንግባባ» አሉ። «እኔ በእግዚአብሔር አላምንም። ስለዚህ መሪውን እኔው እይዘዋለሁ።»

የክላክስ አፍ ተከፈተ። አለቃው ትዝ አለው፤ ተዘጋ። ተመልሶ ተከፈተ። «መጀመሪያ መስታወትዎን ያስተካክሉ» ብቻ አለ።

ማታ ለሚስቱ አማረረ። «ስንት የማያምን ሰው ስፈልግ ከርሜ፣ አሁን በእግሯ መጥታ ከጎኔ ስትቀመጥ አፌን አሰሩኝ።»

ሚስቱ ክር እያስገባች ነበር። «ካልተናገርክ ኑርበታ።»

«መኖሩ ነው እንጂ የሚከብደው፣ መናገሩማ ምን አለው» አለ ክላክስ፣ ከልቡ።

ሊኖርበት ግን ሞከረ። መምህርቷ ማርሽ ሲቀይሩ የብረት ምጣድ በድንጋይ የሚፋቅ ያህል ይጮሃል፤ እሱ ጥርሱን ነክሶ «ጎሽ» ይላል። መታጠፊያ ላይ ፍሬቻ ረስተው ግራ የተጋባው ሁሉ ሲጮህባቸው «አይዞዎት» ይላል። ከንፈሩ ብቻ አልታዘዝ እያለው ይንቀሳቀሳል።

«ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ለምንድን ነው የምትጸልየው?» አሉት አንድ ቀን፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ።

«ማን ጸለየ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

«ጉንፋን አሜን አይልም።»

እንዲህ ሲባባሉ ከረሙ። እሱም ሳያውቀው ወደዳቸው። አንድ ነገር ሲሳሳቱ ሰበብ አያበዙም፤ «ተሳሳትኩ፣ ድገመው» ይላሉ። ካሠለጠናቸው ሁሉ እንዲህ የሚል ሰው አይቶ አያውቅም። ለምን በዚህ ዕድሜያቸው መንዳት እንደፈለጉ አንዴ ጠይቋቸው «ሥራ አለኝ» ብለው ዘግተውታል።

ከዚያ የባለታክሲው ነገር መጣ። በገበያው ጎዳና ላይ መምህርቷ በሥርዓት ቆመው እግረኛ ያሳልፋሉ። ከኋላ አንድ ታክሲ ክላክሱን ይዞ አለቀቀም። ከዚያ በቀኝ በኩል ሽው ብሎ ቀደማቸውና ተሳፋሪ ሊጭን ከፊታቸው ቀጥ ብሎ ቆመ። መምህርቷ ፍሬን ረገጡ፣ እሱም በበኩሉ ረገጠ፣ የክላክስ ግንባር ከመስታወቱ ጋር ጓ አለ።

አመል ያወጣል ከመሀል እንዲሉ፣ እዚያው ተሰበረ። በሩን በርግዶ ወረደ። ከአሸዋው ቀን ወዲህ የዋጠው ሁሉ አብሮት ወረደ። ከታክሲው ጎማ ጀምሮ በኮፈኑ አለፈ፣ ወደ ባለቤቱ ጥርስ ገባ፣ ጥርሶቹ እርስ በርሳቸው የተጣሉ ጎረቤቶች መስለው መቆማቸውን አብራራ፣ ከዚያ ወደ አያት ወጣ። ሱቅ ያለው ከሱቁ ወጣ፤ ሸማቹ ዘንቢሉን አስቀምጦ አዳመጠ። አንዱማ ሲጨርስ ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረውም። ባለታክሲው ተሳፋሪውን ጭኖ ነጎደ።

ክላክስ ኮሌታውን አስተካክሎ ተመልሶ ገባ። 

«ጨረስክ?» አሉ መምህርቷ።

«አዎ።»

«ይሄኛው ከስንተኛው ምዕራፍ ነው?»

ክላክስ ከጭነት መኪናው ጋር ቁልቁል ሲወርድ እንኳ እንዲህ አልደነገጠም። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ቀሪውን ሰዓት «ወደ ግራ»፣ «ወደ ቀኝ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም፤ ግራና ቀኙንም አንድ ሁለት ጊዜ አሳስቶታል።

ቤቱ ሲገባ ራቱን ወዲያ ገፋ አደረገ። ሚስቱ ስትወተውተው ነገራት። ስለ ጥርሱ ያለውን ስትሰማ አፏን በጨርቅ ይዛ ሳቀች፤ ሳቋን ጨርሳ ግን ጨርቁን አስቀመጠች።

«ሂድና ይቅርታ ጠይቀው።»

«ያጠፋው እኮ እሱ ነው።»

«እሱ ያጠፋው በመኪናው ነው፣ አንተ በአፍህ። የሱን ለትራፊክ ተወው።»

«ደግሞስ ምን ብዬ? ሰው ይስቅብኛል።»

«ሲስቁልህ የዋልክበት አይበቃህም? ትንሽ ይሳቁብህ።»

በማግስቱ መምህርቷ ሲመጡ ክላክስ ራሱን እያከከ፣ «ዛሬ ወደ ታክሲ ማቆሚያው ነው የምንነዳው» አላቸው። ለምን እንደሆነም ተናገረ። መምህርቷ በመነጽራቸው በላይ ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ማርሽ አስገቡ። ያን ቀን ማርሹ አልጮኸም።

ባለታክሲው ሆዱ ገፋ ያለ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ የጣለ ሰው ነበር፤ መኪናውን እየወለወለ አገኙት። ክላክስ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለው።

የሰውየው ዓይን ጠበበ። «ምን አድርገህብኛል?» አለና መልስ ሳይጠብቅ መኪናውን ዞሮ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ መብራቱን ነካካ፣ ነዳጅ መሙያውን ከፍቶ አሸተተ። ሁሉም ደህና ሲሆን ይብስ ተጠራጠረ።

«ስለሰደብኩህ ነው» አለ ክላክስ።

«መቼ?»

«ትናንት።»

«ትናንት ብዙ ሰው ነው የሰደበኝ። የቱ ነህ?»

ክላክስ ጎንበስ ብሎ በዝቅተኛ ድምፅ «ስለ ጥርስህ...» አለ።

የባለታክሲው ፊት በራ። «አንተ ነህ? የተጣሉት ጎረቤቶች? ለሚስቴ ነግሬያት ስትስቅ አመሸች።» ከዚያ ነገሩ እየገባው ሲሄድ ፎጣውን ከትከሻው አወረደ። «ለዚህ ብለህ ነው የመጣኸው? ለስድብ?»

«ለስድብ።»

ይህን ሲሉ ሌሎቹ ባለታክሲዎች ተሰበሰቡ። አንዱ ቀጭን ሰውዬ፣ «ይቅርታ የሚባለው ለሱ ብቻ ነው እንዴ? በዝናቡ ጊዜ እኔን አህያ እንኳ ፍሬቻ ቢኖራት ትሻልሃለች ብለኸኛል» አለ። ክላክስ ወደሱ ዞሮ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀ። ሌላው ስለ አክስቱ የተባለውን አነሳ። ጸጉራቸው የሸበተ አንድ አዛውንት ደግሞ ከጭነት መኪናው ዘመን ጀምሮ የቂም ጎተራ ከፍተው ቆሙ፤ ያሉት ሁሉ ልክ ነበር። ክላክስ ለእያንዳንዱ ተራ በተራ ጎንበስ አለ፤ ላብ አጠመቀው። መጨረሻ ላይ አንዱ ደርሶ እጁን ሲዘረጋለት ክላክስ ግራ ገባው።

«አንተን መቼ ነው የሰደብኩህ?»

«እስካሁን አልሰደብከኝም» አለ ሰውዬው፤ «ለወደፊቱ ይሁንልኝ ብዬ ነው።»

ማቆሚያው በሳቅ ፈረሰ። ክላክስም አብሮ ሳቀ፤ ሲስቅ ደረቱ ላይ የተጫነው አንድ ነገር ሲነሳ ተሰማው። ወደ መኪናዋ ሲመለስ መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነው፤ ከሳቁ ብዛት መሪው ላይ ተደፍተው ሁለት ጊዜ ክላክሱን አስጩኸዋል። ሞተሩን ግን አላስነሱም።

«አባቴ ሰባኪ ነበሩ» አሉ ቆይተው፣ ሳቁ ከፊታቸው ሲወርድ። «ሲሰብኩ ድንጋይ ያስለቅሳሉ። ቤት ውስጥ እናቴን ያስለቅሷት ነበር። ይቅርታ ሲጠይቁ ግን አንድም ቀን አላየሁም፤ ሲሞቱም አልጠየቁም።»

ክላክስ ወደሳቸው ዞረ። ቃሉ ሁሉ ምላሱ ላይ ተሰልፎ ደረሰ።

«እንዳትጀምር» አሉት። «ስለ አስፋልት ብቻ ነው የተባለው።»

አልጀመረም። አለቃው ስለከለከለው ሳይሆን፣ የሚናገረው ቢኖር እንኳ ያን ሰዓት መናገር እንደሌለበት ስለገባው ነው። «ወደ ኋላ እንውጣ» አለ፤ «ቀስ ብለው፣ መስታወት እያዩ።»

መምህርቷ ፈተናውን መጀመሪያ ወደቁ፤ ፈታኙ የተሳሳተ ነገር ሲናገር አርመውት ኖሯል። ሲደግሙ ዝም አሉና አለፉ። ክላክስን ጨብጠው፣ አመስግነው ሄዱ።

ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት ክላክስ ከቤተክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ሰው ሲቀበል፣ አንዲት ትንሽ መኪና እየተንገጫገጨች መጥታ ከአጥሩ ሥር በጠማማው ቆመች። ከመሪው በኩል መምህርቷ ወረዱ። በሌላው በኩል ዞረው በር ከፈቱና አንድ አዛውንት ክንዳቸውን ይዘው አወረዱ። ክላክስ አዛውንቱን አወቃቸው። ሁልጊዜ ከፊት ረድፍ ጫፍ ላይ የሚቀመጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ፤ ዓይናቸው እየፈዘዘ ሄዶ ራሳቸው መንዳት ስላቃታቸው ከቀሩ ቆይተዋል። ከቀሩም ወዲህ ማንም ሄዶ አልጠየቃቸውም። ክላክስ ባዶውን ቦታ እሑድ እሑድ ሲያየው ከርሟል፤ የማን ቦታ እንደሆነ ግን ራሱን አልጠየቀም።

አዛውንቱ የመምህርቷ ባል ኖረዋል፤ መምህርቷ እስከ ወንበራቸው አደረሷቸው፤ ኮታቸውን አስተካከሉላቸው፤ ተመልሰው ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ገቡና ጋዜጣ ዘረጉ።

ክላክስ መዝሙሩ ሳይጀመር ወጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። «ጠማማ ነው ያቆሙት።»

«አውቃለሁ። ቤተክርስቲያኑ ነው ያስደነገጠኝ።»

ከንፈሩን ነከሰና፣ «ይቅርታ ልንጠይቅዎት ይገባል» አለ። «ባለቤትዎ ሲጠፉ አንዳችንም መጥተን አላየናቸውም። መኪና ያለው ሞልቷል። እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ነኝ።»

«ለዚህ አይደል የተማርኩት» አሉ። «እኔ አላምንም፤ እሱ ግን እሑድ ሲቀር ሰኞውም ማክሰኞውም ይጠፋበታል።» ጋዜጣውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «በል እሺ። አሁን ተማሪህ አይደለሁም፣ አለቃህም እዚህ የለም። አፍነህ የከረምከውን ተናገር።»

ክላክስ አፉን ከፈተ። ያጠናው ሁሉ፣ በልቡ ሲያሰላስለው የከረመው ሁሉ፣ ተነነ። ቢፈልግ ቢፈልግ አንድ ነገር ብቻ አገኘ።

«እኔ ብቻዬን ብሆን ያን ቀን ታክሲ ማቆሚያው አልሄድም ነበር» አለ። «ቢገድሉኝ አልሄድም። ራሴን አውቀዋለሁ። ያለኝ ይሄው ነው።»

መምህርቷ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ። «አጭር ነው።»

«አዎ፣ አጭር ነው።»

«የአባቴ ረጅም ነበር» አሉና ጋዜጣቸውን መልሰው ገለጡ። «ግባ፣ ሊጀምሩ ነው።»

ክላክስ አበላሸሁት ብሎ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ሳምንቱን ሙሉም ለሚስቱ ምን ማለት ይችል እንደነበር ሲዘረዝርላት፣ እሷ «ያልከው ይበቃል» እያለች እጅጌ ትገጥማለች።

እሱ ስለ መምህርቷ እየተጨነቀ ሳለ፣ አንድ ቀን ባለታክሲው ማሠልጠኛው ድረስ መጣ። ሚስቱ መንዳት መማር ፈልጋለች፤ ራሱ ሊያስተምራት ሞክሮ ሁለቱም ሊፋቱ ደርሰዋል። «ያንን ይቅርታ ጠያቂውን ስጡኝ» አለ። ቆይቶ ለብቻቸው ሲሆኑ ፎጣውን በእጁ እየጠመዘዘ፣ «እኔ ግን ያ ነገር ከሆዴ አልወጣም» አለው። «ማንም አላስገደደህ፣ ማንም አልከሰሰህ። ምን ሆነህ ነው የመጣኸው?»

ከመኪናዋ ውጭ ነበሩ፣ አለቃውም ቢሮው ነው። ክላክስ ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ አሸዋው፣ ሚስቱም ስለምትጸልየው ጸሎት ነገረው። ባለታክሲው እያዳመጠ አንዴም አላቋረጠውም።

በሁለተኛው እሑድ ሚስቱን ይዞ መጣ። መጋቢው እንደ ልማዳቸው እንግዶችን አስነስተው ማን እንዳመጣቸው ጠየቁ። ባለታክሲው ፎጣውን ከትከሻው አንስቶ ወደ ክላክስ ጠቆመ።

«ይሄ ሰውዬ ነው። ሰድቦ ነው ያመጣኝ።»

ጉባኤው በሳቅ አውካካ፤ የክላክስ ሚስት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። መጋቢው ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ እግዚአብሔር በብዙ መንገድ ይሠራል፣ ይህኛውን ግን ምእመናን ባይሞክሩት ይመረጣል ብለው አስጠነቀቁ። ባለታክሲው ከዚያ ወዲህ አልቀረም። ከማቆሚያው ሁለት ሦስት ሰው ይዞ ይመጣል፤ ለወደፊቱ ይቅርታ የተቀበለው ሰውዬም አንዱ ነው።

ክላክስ ዛሬም ያስተምራል። አፉ ጨርሶ አልዳነም። አልፎ አልፎ ያመልጠዋል፤ ባመለጠው ማግስትም የሰደበውን ሰው ሲያፈላልግ ይታያል። ስድቡ ስለሚያደክመው ሳይሆን ፍለጋው ስለሚያደክመው እየቀነሰ ነው ትላለች ሚስቱ።

መምህርቷ ደግሞ ሠፈራቸው ውስጥ መሄጃ ያጡ ሌሎች አዛውንቶች እንዳሉ አወቁ። አሁን እሑድ እሑድ ያቺ ትንሽ መኪና አፏ ድረስ ሞልታ ነው የምትመጣው፤ በትር በመስኮት ወጥቶ፣ ቆብ ከጣሪያው ጋር ተጣብቆ። ሽማግሌዎቹ መንገዱን ሙሉ ይዘምራሉ። ሰው ሲጠይቃቸው መምህርቷ አሁንም አላምንም ይላሉ። ነገር ግን አንዱ አዛውንት ዜማ ያበላሸ እንደሆነ መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አውጥተው ያቆማሉ፤ ዜማውን በትክክል ይዘው፣ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምረው፣ ሳይሳሳቱ ይዘምሩላቸዋል፤ «እንዲህ ነው የሚባለው» ብለውም ፍሬቻ አሳይተው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ።